የድስቱ ውኃ

ሚያዝያ ላይ ልጄ ግሌንዳ የጀልባዬን ቁልፍ ወስዳ አንገቷ ላይ አሰረችው። የክሊኒካችን ነርስ ሲስተር ቨርና የደም ግፊቴን ለክታ መቶ ስልሳ ሁለት ስላለች ነው። ባለፈው ዓመት ባሕር ላይ ሳለሁ ራሴን አዙሮኝ ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና ውሻዬ ብቻ ነበርን። ግሌንዳ እንዴት እንደሰማች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በሐምሌ ዓሣ ማጥመድ እስኪፈቀድ ድረስ ግፊቱ ከመቶ አርባ በታች ካልወረደ ጀልባዋ ትሸጣለች ተባለ። በገዛ እጄ የሠራኋት ናት። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሌላ አልሠራም።

ያን ሰሞን ክሊኒኩ ውስጥ ኬዛያ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሕክምና የሚመኙ ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን ከባለሙያ ጋር ያውላል፤ ለእሷ ሲስተር ቨርና ደረሰቻት። ቀዶ ሐኪም ልሆን ነው ብላ ደም ለማየት ነበር የመጣችው። በመንደራችን በሁለት ወር ውስጥ የፈሰሰው ደም መንጠቆ ከገባበት አንድ አውራ ጣት ነው፤ እሱም እሷ ትምህርት ቤት በዋለችበት ቀን። የተረፍኩላት እኔ ነኝ።

ሲስተር ቨርና አመጋገቤን እንድትከታተል እኔን ለልጅቷ ሰጠቻት። እኔን የሚያሸንፍ ሰው በሕክምና የሚቸግረው ነገር አይኖርም አለቻት፤ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ።

ልጅቷ ጨዋ ናት። እንደ አገሩ ልማድ አጎቴ እያለች የባልዲ ሥጋ እንድተውና አትክልት እንዳበዛ መከረችኝ። የባልዲ ሥጋ ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ በባልዲ የሚሸጥ የበሬ ሥጋ ነው፤ በደሴታችን በኒውፋውንድላንድ ያለ እሱ እሑድ፣ እሑድ አይባልም። የበላሁትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተርም ሰጠችኝ። እኔና ጽሕፈት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። ቢሆንም ጻፍኩ። «እሑድ፦ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን። ሥጋ አልበላሁም። ሰኞ፦ ከእሑድ የተረፈ። ሥጋ አልበላሁም።»

ሥጋውን ጎረቤቴ አምብሮዝ ይወስድ ነበር። በየእሑዱ ሳህኑን ይዞ በር ላይ ይቆማል።

«ሕክምናው እንዴት ነው ሄድሊ?»

«ደኅና ነው።»

«በርታ። ብቻ ቶሎ አትዳን።»

ከወር በኋላ ስለካ መቶ ሰባ ስድስት ሆነ። ሲስተር ቨርና ደብተሩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማንን ነው የምታታልለው?»

«ማንንም።»

«ይህ ጎመን የበላ ሰው ቁጥር አይደለም።»

«እንግዲያው ቁጥሩን ጠይቂው።»

አብራኝ የመጣችው ግሌንዳ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ዳበስ አደረገችና ጀልባዋን ልግዛ የሚል ሰው እንደመጣ ተናገረች። ዓሣ የት እንደሚገኝ ተጠይቄ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ያንን የማይዋሽ የለም። ስለበላሁት ግን ዋሽቼ አላውቅም።

ልጅቷ ደብተሩን ታገላብጣለች። በመጨረሻም፣ እሑድ ቤቴ መጥታ ስበላ ልትመለከት ፈቃድ ጠየቀች። ሲስተር ቨርና አፉን ሲከፍት ከማየት በቀር ምን ይገኛል ብላ ፈቀደች።

መጣች። ወንበር ስባ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ወትሮዬ ሠራሁ፤ ሥጋውን ድስት ውስጥ ከተትኩ፣ ውኃ ሞላሁ፣ ሲበስል ድንቹን፣ ካሮቱንና ጎመኑን ጨመርኩበት። አምብሮዝ መጣ። ሥጋውን አውጥቼ ሳህኑ ላይ አደረግሁለት፤ ሄደ። አትክልቱን ለራሴ አወጣሁ። ከውኃው ሁለት ጭልፋ አፈሰስኩበት፤ ከቀረውም በኩባያ ቀዳሁ።

«ኩባያው ለምንድን ነው?» አለች።

«ልጠጣው ነዋ። አትክልት አብዛ አላልሽኝም? የአትክልቱ ውኃ ነው።»

ማንኪያ አንስታ ከኩባያዬ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሳል ያዛት። ውኃ ሰጠኋት፤ ድገመኝ አለች።

«አጎቴ ሄድሊ፣» አለች ድምፅዋ ሲመለስ፣ «ሥጋውን ለሰው ሰጥተው ባሕሩን ለብቻዎ ነው የጠጡት።»

«ታዲያ አትክልት በምን ይቀቀላል?»

«በውኃ።»

«ይኸው ውኃ አይደለም?»

«በባዶ ውኃ።»

ባዶ ውኃ። እናቴም እንዲህ አልቀቀለችም፤ እናቷም። ማንም አስቦት አያውቅም።

ሰኞ ልጅቷ ለሲስተር ቨርና ሁሉንም ስትነግር መሳቂያ ለመሆን ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ሲስተር አልሳቀችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

«ያን ያህል ጨው አለው?» አለች ቀስ ብላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥጋ ተዉ፣ አትክልት ብሉ እያለች ስትመክረን ኖራለች።

«ሲስተር፣ እርስዎ በምን ነው የሚቀቅሉት?» አለቻት ልጅቷ።

ሌላ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ስድስት ሳምንት በባዶ ውኃ የተቀቀለ በላሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እርጥብ ጨርቅ እንደ ማኘክ ነበር። ልጅቷ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ይዛ መጣች፤ ተሻለ። ካሮት ጣፋጭ መሆኑን በሰባ ስምንት ዓመቴ አወቅሁ። ለማንም አልነገርኩም።

እሷ ከዚያ ወዲያ አላረፈችም። ማንኪያ ኪሷ ውስጥ ይዛ ከቤት ቤት የሰው ድስት ትቀምስ ጀመር። ሴቶቹ በመስኮት ሲያዩዋት ክዳን ይከድናሉ። አንድ ቀን ለሲስተር ቨርና ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ የምማረው ሥነ ምግብ ነው አለቻት።

«ደሙስ?» አለች ሲስተር።

«ድስቱ እያለ ደሙን ምን አስጠበቀኝ?»

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግፊቴ መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ግሌንዳ ይደገም አለች። መቶ ሠላሳ ስድስት። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አኖረችው። ሙቀት ነበረው።

ማጥመድ በተፈቀደ በመጀመሪያው ቀን አምስት ዓሣ ይዤ ተመለስኩ። ኬዛያን ምሳ ጠራኋት፤ የድካሟ ነው። መጥበሻውን ጣድኩና እንደ ወጉ ጨው የጠጣውን የአሳማ ስብ በትንንሹ ከትፌ ጨመርኩበት። ዓሣ ያለ እሱ አይበላም። ስቡ መንጫጫት ጀመረ። ልጅቷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ማንኪያዋን አወጣች።

እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ቁልፉ አለ።

መጥበሻውን ከእሳቱ አወረድኩ።

«ሂጂ አምብሮዝን ጥሪው፣» አልኳት፣ «ሳህኑን ይዞ ይምጣ።»