እናቴ ጃጀች የተባለ ሰሞን

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ መስመር በሙሉ በቃሏ ስለምትይዝ ማውጫውን አቧራ ጠጥቶት ነበር። በሰባ አራት ዓመቷ ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር ይጠፋት ጀመር። ጠዋት የነገሯትን ከሰዓት አታስታውስም፤ ስትነሳም ትንገዳገዳለች።

ታላቅ ወንድሜ ምርመራውን በአንድ ምሳ ጨረሰው። ሥራው ሕንፃ ተቋራጭነት ነው፤ ግን ሕክምናም ሕግም ያውቃል፣ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ነው። "ጃጅታለች፣ በቃ፣ ዕድሜ ነው" አለ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ማንኪያዋን በእጇ ይዛ ማንኪያዋን ትፈልጋለች። ሳቀባት። ሚስቱም ባሏ የሳቀበትን ሳትስቅ ማለፍ ስለማይሆንላት ሳቀች። እኔስ? እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ።

በሳምንቱ ከቤቱ ጓሮ ወዳለችው ክፍል አስገባት። የተረፈ ሴራሚክና የቀለም ቆርቆሮ የሚያጭቅባት ክፍል ነበረች። በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ለራሷ ደህንነት ነው ይላል። ሰው ሲመጣ ደግሞ እናቱን የሚጦር እሱ ብቻ መሆኑን ሳይናገር አያሰናብትም።

አንድ ቀን መድኃኒቷ አለቀና እኔን ላኩኝ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቁጡ ሴትዮ ነች። ማዘዣውን አየችና ከመሸጧ በፊት እናቴ የምትውጠውን ሁሉ በከረጢት ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። አምጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩላት።

ለእንቅልፍ አንድ፣ ለማሳከክ አንድ፣ ለሽንት አንድ። ያዘዙት ሦስት ሐኪሞች ናቸው። አንዱ ቀና ብሎ ሳያያት፣ ሌላው ስልክ እያወራ። ሦስተኛው በጣም ጨዋ ነበር፤ እሱም ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ አልጠየቃትም። ፋርማሲስቷ አራተኛው ብልቃጥ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያለ ማዘዣ የተገዛ ነበር።

"ይሄና የእንቅልፉ ስማቸው ነው የሚለያየው፣ መድኃኒቱ አንድ ነው" አለችኝ። "እጥፍ ነው የሚውጡት። ከሌሎቹ ጋር ደምሬ እኔ ብውጠው ቤቴን አላገኘውም። ማነው የጨመረላቸው?"

የወንድሜ ሚስት ነበረች። እንግዳ ሲኖር እንዳትጣራ ቀን ቀን ትሰጣታለች። ስጠይቃት አላፈረችም። "ስትተኛ እኮ ታምራለች" አለችኝ።

በዚያው ቀን እናቴን እኔ ቤት ወሰድኳት። ፋርማሲስቷ ኪኒኑን በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው ብላ ስላስጠነቀቀችኝ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድን። ይቺኛዋ ከረጢቱን በረበረች፣ ግፊቷን ለካች፣ ጆሮዋንም አየች። ቀኝ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ኖሯል። ረሳች ካልነው ግማሹን መጀመሪያውኑ አልሰማችውም። ሐኪሟ የእንቅልፉን ቀስ በቀስ ቀነሰችላት፣ ሌሎቹን ቀየረችላት። እናቴ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ሁላችንንም ስትራገም ከረመች። በሁለተኛው ወር ጋዜጣ ማንበብ ጀመረች፣ የእኔን ንግግር ማረምም ጀመረች። ሁሉም አልተመለሰም፤ የሰው ስም አሁንም ያመልጣታል። ሐኪሟም ዕድሜ የሚወስደውን መውሰዱ እንደማይቀር፣ ግፊቷን እንድንጠብቅና በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ ነገረችን።

ወንድሜ መዳኗን ሰምቶ ፍራፍሬ ይዞ መጣ። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ እጇን ዘረጋችለት።

"እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ" አለችው።

ወደ እኔ ዞረና በሹክሹክታ፣ "አየሽ፣ አልነገርኩሽም? ልጇን አታውቅም" አለኝ።

"አውቄዎታለሁ" አለችው እናቴ። "ለዚህ ነው።"

ከዚያ ሻይ ቀዳችለት፣ የባለቤቱን ጤና ጠየቀችው፣ እንደ እንግዳም እስከ በር ሸኘችው። እሱ እስካሁን ላገኘው ሰው ሁሉ በሽታው ጠንቶባታል እያለ ያወራል። ወሬው ሲደርሳት ላስተባብል ብዬ ተነሣሁ፤ እሷ ግን "ተዪው" አለችኝ። "አታውቀኝም ብሎ ካመነ ቢያንስ አይመላለስም።"