ባለ ሁለት ጎጆው አማኝ

አክሊሉ በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ያስተምር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ በወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት ከመዘምራን ጋር ይለማመዳል፤ እሑድ ደግሞ በአማርኛ የሚሰበከውን ከገጠር ለሚመጣው ሰው ወደ ሀዲይኛ ይተረጉማል። ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች የአንዱን፣ የአቶ ተገኘን ልጅ እታለምን አጭቷል። ሰርጋቸው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል።

አባቱ ጠና በጃጁራ በኩል እንሰትና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነው። ጠና ሁለት ጎጆ አለው። በአንደኛው የአክሊሉ እናት ትርፊት ትኖራለች። በሁለተኛው የምትኖረው ገነቴ ቀድሞ የጠና ታላቅ ወንድም ሚስት ነበረች፤ ባሏ በንዳድ ሲሞትባት ጠና በአገሩ ወግ ወረሳት። ከጠና የወለደችው አንድ ልጅ በአራስነቱ ሞቷል። በዚያው ሰሞን ትርፊት አክሊሉን ወልዳ ክፉኛ ስለታመመች፣ ሕፃኑን ያጠባችው ገነቴ ናት። አክሊሉ ትርፊትን እማዬ ገነቴን እማማ እያለ አደገ፤ ልጅ ሳለ በየትኛው ጎጆ እንደሚያድር የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

አክሊሉ ወንጌልን የተቀበለው ተማሪ ሳለ ነው። ከዚያ ጀምሮ ስለ አባቱ ያልጸለየበት ሳምንት አልነበረም። አባትየው ግን ሲሰማ ይሰማል እንጂ መልስ አይሰጥም። አንድ እሑድ ለገበያ መጥቶ ወደ ጸሎት ቤት ጎራ አለ። አክሊሉ እንደ ልማዱ ሲተረጉም፣ አባቱ ከወደ በሩ ተነሥቶ ቆመ፤ በሀዲይኛም «እኔም ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ጌታ ነኝ» አለ። አክሊሉ ይህን ወደ አማርኛ መመለስ አቅቶት አለቀሰ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ሴቶችም አመኑ፤ ሦስቱም የጥምቀት ትምህርት ጀመሩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አቶ ተገኘ አክሊሉን ወደ ቤታቸው ጠሩት። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ በጣልያን ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረው የተገረፉ ናቸው። ሁለት ሚስት ይዞ መጠመቅ እንደማይቻል፣ ትርፊት በሕግ የመጀመሪያዋ ስለሆነች ጠና ገነቴን ማሰናበት እንዳለበት ነገሩት። ሴቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባል ብቻ ስላላቸው መጠመቅ ይችላሉ። መልእክቱን ልጁ ቢያደርስ እንደሚሻልም ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል።

አክሊሉ ማሰናበት ማለት ወዴት እንደሆነ ጠየቀ።

«ወደ ዘመዶቿ» አሉ አቶ ተገኘ። «እኔም ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁለተኛ የሚያገባውን በምን አፋችን እንከለክላለን?»

ነገሩ እውነትነት ነበረው። አክሊሉም በሚያስተምርበት ክፍል ሕግ ቢፈርስ እንደዚያው ያስብ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ጃጁራ ወርዶ መልእክቱን ለአባቱ አደረሰ። ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ቃል ተርጉሟል፤ የዚያን ቀን ግን እያንዳንዱ ቃል ከራሱ አፍ የወጣ መሰለው። ጠና ወንድሙ ሲሞት ገነቴን አደራ እንዳለው ተናገረና፣ «ሳልጠመቅ እቀራለሁ። እዚያው በር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ» አለ።

ገነቴ ግን በጓሮ እንሰት ስትፍቅ ይህን ሁሉ ሰምታ ነበር። በማግስቱ ጠና ወደ እርሻ ሲወጣ ልብሷን በአቁማዳ ይዛ ሞርሲቶ ወዳለው ወንድሟ ወደ ብዙነህ ቤት ሄደች። ለማንም አልተናገረችም።

ወሬውን ይዛ ሆሳዕና ድረስ በእግሯ የመጣችው ትርፊት ናት። አክሊሉ እናቱ ምናልባት በልቧ ደስ ይላት ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ሲጣሉም ያውቃል። ትርፊት ግን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆማ «ሂድና አምጣት» አለችው። «አባትህ እህል አልቀምስ ብሏል። እኔም ብሆን ቤቱ ጠቦኛል። ከሷ ጋር ነው ያረጀሁት።»

ብዙነህ ሞርሲቶ ገበያ አጠገብ የሚኖር፣ ልጅ የበዛበት ሰው ነው። አክሊሉ ሲደርስ ገነቴ የወንድሟን ሚስት ቆጮ በመጋገር እያገዘች ነበር። ሰውነቷ ትንሽ የከሳ መሰለው። ከቤቱ ወጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ማንም እንዳላባረራት፣ በራሷ ፈቃድ እንደወጣች አስረዳችው። ጠና ሌሊት ሌሊት ሲጸልይ ትሰማው ነበር። እንዲህ የሚጸልይ ሰው በእሷ ምክንያት ከጌታ እራት ቢቀር ኃጢአቱ የእሷ እንደሆነ አስባለች። ከዚያም ቀና ብላ አየችው።

«ያስተማርከን አንተ ነህ» አለችው። «ተለያዩ ያለው እግዚአብሔር ነው ወይስ ሽማግሌዎቹ?»

አክሊሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሚጠየቀው ሁሉ ጥቅስ ነበረው። አሁንም ሁለት ሦስት መጡለት፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይቃወመዋል። አብርሃምን አሰበ። አጋርን አሰበ፣ በምድረ በዳ ከልጇ ጋር። በር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ ያለውን አባቱን አሰበ።

«አላውቅም፣ እማማ» አለ። ቃሉ ሲወጣ እምነቱ አብሮ የሚወጣ መስሎት ፈርቶ ነበር፤ አልወጣም። እንዲያውም በልቡ መጸለይ የጀመረው ያኔ ነው። «የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንቺ እዚህ በእንግድነት እያረጀሽ እኔ እዚያ ቆሜ መዘመር አልችልም።»

ገነቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወንድሟን ተሰናብታ አቁማዳዋን አነሣች።

ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ቀን አክሊሉ ሳይጠሩት ገባ። እታለም «አባቴን እንዳታስቀይምብኝ» ብላው ነበር፤ እሱም ለሰርጉ ሰግቷል። ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። ሁለተኛ ሚስት ማግባት ትክክል ነው እንደማይል፣ ጠና ግን ይህን ያደረገው ወንጌልን ሳይሰማ፣ የሞተ ወንድሙን ቃል ለመጠበቅ እንደሆነ አስረዳ። ጌታን ስለተቀበለ ቃሉን እንዲያፈርስ ሊጠየቅ አይገባም አለ። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፤ አንዱ ተቆጥቶ ወጣ። በመጨረሻ የተስማሙበት ግማሽ መንገድ ነበር፦ ገነቴ ከቤቷ አትወጣም፣ ሴቶቹ ይጠመቃሉ፣ ጠና ግን አይጠመቅም። አክሊሉ ከዚያ በላይ መለመን ይችል ነበር። ፊታቸውን አይቶ ተወው፤ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ብዙ ዘመን ሲያስበው ኖረ።

የጥምቀቱ ዕለት ሕዝቡ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ እየዘመረ ወረደ። ትርፊትና ገነቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውኃው ውስጥ ገቡ። ጠና የሁለቱንም ደረቅ ልብስ በክንዱ ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። አክሊሉ ከመዘምራኑ መካከል ወጥቶ ከአባቱ ጎን ቆመ። ሴቶቹ እየተንቀጠቀጡ ሲወጡ ጠና መጀመሪያ ትርፊትን፣ ቀጥሎ ገነቴን አለበሳቸው። አቶ ተገኘ ሲያጠምቁ የራሰ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡና የጠናን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። ቶሎም አልለቀቁትም።

ሲመለሱ እታለም ከአክሊሉ እኩል እየተራመደች ነበር። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ በዝግታ «አንተ በአባትህ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለችው።

«እንደ እሱ ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «የምችል ግን አይመስለኝም።»

እታለም የገነቴን እርጥብ ልብስ ተቀብላ ይዛላት ነበር። ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችውና ከፊት በሚሄዱት በጠና፣ በትርፊትና በገነቴ ላይ ለመድረስ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች፤ እሱም ተከተላት።