ጥድ በርን የመረጠው ሰው

ባስልዮስ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሲያስተምር አንድም ሰው አስቀይሞ አያውቅም። መምህራን ቢኳረፉ አስታራቂው እሱ ነው፤ ጎረቤት በአጥር ቢካሰስ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው እሱ ነው። ለማንኛውም ጠብ መሃል ያገኛል፤ ሁለቱንም ወገን ደስ አሰኝቶ፣ ተመርቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ይኼ ጠባዩ አንድ ቀን እህቱን እግር ያስከፍላታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እህቱ እፀገነት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የጓሳ ሳር እንዲታጨድ በተፈቀደ ሰሞን፣ ለእናቷ ቤት ክዳን ስታጭድ ማጭዱ አመለጣትና ቅልጥሟን ቆረጣት። ጨርቅ አሰረችበትና ማጨዷን ቀጠለች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እግሯ አብጦ መሽተት ሲጀምር፣ ባስልዮስ እየደገፈም እየተሸከመም ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሳት።

ዶክተር ትርሲት ቃል የማታባክን ሴት ናት። የእግሯን የራጅ ፎቶ ካየች በኋላ፣ «መመረዙ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል» አለች። «ለሃያ አንድ ቀን በየቀኑ ከአራት ሰዓት በፊት መርፌ ትወጋለች፤ ቁስሉንም እኛ እናጥብላታለን። ከእኛ ሌላ ማንም ውሃ እንዳያስነካው። እንዲህ ከሆነ እግሯ ይተርፋል፤ አለዚያ ይቆረጣል። አልጋ ስላለ ብትተኛ ይሻላል።»

እናታቸው ወይዘሮ ተሾመች በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ልጃቸውን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው፣ «አባትህን ለሐኪም ቤት ሰጥቼ የተቀበልኩት ሬሳውን ነው» አሉት። «እሷንም ያለ ጠበል እዚህ ጥያት አልሄድም። እወቀው!»

ባስልዮስ መሃሉን ፈለገ፤ እንደ ልማዱም አገኘው። ከደብረ ብርሃን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ በመንዝ መንገድ ላይ ጥድ በር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ አስፋልቱን ይዞ የተደረደረ የቆርቆሮ ቤት፣ ከጀርባዋ የሥላሴ ጠበል። እዚያ ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። ጎህ ሲቀድ ጠበል፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐኪም ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መመለስ። «ከተማው ጫጫታ ነው፤ እዚያ አየሩም ንጹሕ ነው፤ ደርሶ መልስ ነው» እያለ ለሁሉም አስረዳ። እናቱ መረቁት። ዶክተሯ ትከሻዋን ሰበቀች። አልጋው ላይ በማግስቱ ሌላ ሰው ተኛበት። እፀገነትን ግን የጠየቃት የለም።

የጠበሉ አጥማቂ አባ ገብረ ሥላሴ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሐኪሟ ውሃ አይንካው ካለች አይነካውም» አሉ። «ትጠጣው፣ ፊቷንም ትታበስበት፤ ይበቃታል። መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።» ወይዘሮ ተሾመች አልተዋጠላቸውም፤ ግን እሺ አሉ። ባስልዮስም ሁሉ ነገር በስምምነት አለቀ ብሎ ልቡ አረፈ።

መንገዱ ግን አልተስማማም ነበር። ከመንዝ የሚወርዱት ሚኒባሶች ጢም ብለው ይመጡና ጥድ በርን ሳይቆሙ ያልፋሉ። እዚያው የሚጫነው ደግሞ ሳይሞላ አይነቃነቅም። ጉም የወረደ ቀን ሾፌሩ በእርምጃ ይነዳል። እናትየዋ ቤት እየቀሩ፣ ወንድምና እህት የመጀመሪያውን ሳምንት በሰዓቱ ደረሱ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን አምስት ሰዓት አለፋቸው፤ መርፌ የምትወጋት ነርስ ተቆጥታ ተቀበለቻቸው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እፀገነት የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች።

ማታ ማታ እናትየዋ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እንደ ሰው ልጅ ሙሉ ሰውነቷን አለመጠመቋ የእግር እሳት ሆኖባቸዋል። ባስልዮስ በበኩሉ «መርፌው ለውጥ አለው አይደል?» ይላል። እፀገነት ለእናቷ ጠበሉ ቀለል እንዳደረጋት ትነግራለች፤ ለወንድሟ መርፌው ቀለል እንዳደረጋት ትነግራለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። እግሯ ግን አልቀለላትም ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዶክተር ትርሲት ፋሻውን ፈታች። የታችኛው ጨርቅ ርሷል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ውሃ ነክቶታል» አለች። «ዛሬ ብቻም አይደለም።»

የባስልዮስ ፊት ደም መሰለ። «እማዬ ናት! አውቄያለሁ፤ እኔ ዞር ስል አስነክታዋለች!»

«እማዬ አይደለችም» አለች እፀገነት። «እኔ ነኝ። አራት ቀን ሆነኝ። ጠበሉን በላስቲክ ይዤ ወደ ቤት እየገባሁ፣ በፋሻው ላይ ሳፈስበት ነበር። ነርሷ ስትጠይቀኝ ላብ ነው እላታለሁ።»

«ለምን? ለምን እፄ? እየተስማማን!»

«እናንተ ናችኋ የተስማማችሁ!» አለች። «ሐኪሟ ተኚ አለችኝ። እማዬ ተጠመቂ አለችኝ። አንተ ግማሽ እዚህ ግማሽ እዚያ አደረግኸኝ። እግሬ ሲብስብኝ የቱ እንደጎደለኝ በምን ልወቅ? አንተ እዚህ መተኛት እንደማትፈቅድልኝ አወቅሁ፤ የቀረኝን ሞከርኩ።»

ባስልዮስ ያቺን ከተማ የመረጠው ለእህቱ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባው። የመረጠው እናቱ እንዳያለቅሱበት፣ ሐኪሟም እንዳትቆጣው ነው። ሰው ሁሉ እንዲወደው ብሎ ነው።

እግሯ ሲመረመር፣ ፎቶ ሲነሳ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዶክተሯ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጉልበቷ በታች ይቆረጣል፤ ከዚያ ከዘገየ ለሕይወቷ ያሰጋል።

«እናታችንን ላማክርና...» ብሎ ጀመረ ባስልዮስ።

«አሁንም ወንድም ጋሼ?» አለች እፀገነት። እስክሪብቶውን ከዶክተሯ እጅ ወስዳ ራሷ ፈረመች። ከዚያ አለቀሰች። «እማዬን ብቻ አምጣልኝ። ስገባ እጇን መያዝ እፈልጋለሁ።»

እናቱ ስልክ የላቸውም። የአከራያቸውን ቁጥር ደጋግሞ ሞከረ፤ ስልኩ ዝግ ነው። መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። በመንገድ ላይ ለእናቱ የሚላቸውን ሦስት ዓይነት አድርጎ አዘጋጀ፤ አንዱ ከሌላው የለሰለሰ ነው።

ጥድ በር ሲደርስ ወይዘሮ ተሾመች ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «ልጄስ?»

ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው። «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት እግሯን ይቆርጡታል፣ እማዬ። አንቺን ትፈልጋለች።»

አልጮኹም። ጋቢያቸውን ለብሰው አስፋልቱ ላይ ወጡ። አስፋልቱ ባዶ ነው። በዚህ ሰላም በጠፋበት ዘመን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ የሚነዳ የለም፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ መኪና ደግሞ ቶሎ ቢሞላ እንኳ ደብረ ብርሃን የሚገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እናትየዋ ወዲያና ወዲህ አዩ።

«እዚህ ማን አመጣን?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አንቺም እንዳታዝኚ፣ ሐኪሟም እንዳትቀየም ብዬ...»

«እሷስ?» አሉ። «እሷስ፣ ባስልዮስ?»

ስልኩ ጠራ። እፀገነት ናት። «ተነሳችሁ?» አለችው።

እየመጣን ነው የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲለው የኖረው እንዲህ ያለውን ነው። «አልተነሳንም እፄ» አላት። «መኪና የለም። ለአንድ ሰዓት አንደርስልሽም።»

 «ለእማዬ ስጣት» አለች።

ወይዘሮ ተሾመች ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከወዲያ የምትለውን ባስልዮስ አይሰማም። «አለሁ» ይላሉ እናቱ፣ «አለሁ ልጄ፤ ይዤሻለሁ፤ ይኸው ይዤሻለሁ።» እንባቸው በጋቢያቸው ላይ ይወርዳል። እሱ አጠገባቸው ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ስልኩ ሲዘጋ እናቱ መለሱለት። እፀገነት እሱን ስጪኝ አላለችም።