የቶኩጂ በረት

ማሳኤ የጨረር መለኪያዋን ይዛ ግቢውን ስትዞር፣ ባለቤቱ ቶኩጂ ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከኋላዋ ይከተሏት ነበር። በአቅራቢያው ያለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ከፈነዳ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌው የሚያድሩት ከተማ ውስጥ በተሰጣቸው ጠባብ ቤት ነው፤ ወደ መንደራቸው የሚገቡት ቀን ቀን ብቻ ነው። የማሳኤ ሥራ ደግሞ የመንደሩን አፈር እየለኩ ካርታ ማቅለም ነው፤ ጨረር የበዛበትን ቀይ፣ የቀነሰበትን ቢጫ፣ ሰው ሊያድርበት የሚችለውን ነጭ።

ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ሲደርሱ መሣሪያው ጮኸ።

«ምን ይላል?»

«እዚህ ጋ አይቁሙ ይላል፣ አባባ።»

«ሚስቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። አበቦቿን ስለምረግጥባት።»

ጓሮው ቀይ ሆነ። የሩዝ ማሳውም ቀይ። የላሞቹ በረት ውስጥ ግን ቁጥሩ ወረደ። ማሳኤ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው። ደህና ነበር። ያኔ የዘነበውን መርዘኛ ዝናብ የቆርቆሮው ጣሪያ አላስገባውም።

«ይሄ ነጭ ነው» አለች።

ቶኩጂ መሬቱን ትክ ብለው አዩት።

«ሰው ሁሉ በአውቶቡስ ሲሸሽ እኔ ላሞቼን ከዚህ በረት እየለቀቅሁ ነበር። የጎረቤቴን ጎመን ጨረሱት። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።»

«ጎመኑ እኮ ተመርዟል፤ አይበላም ነበር!»

«አይበላም። ቢሆንም ጎመኔ ነው ይላል።» ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ለካ ከነጩ አውጥቼ ወደ ቀዩ ነው የነዳኋቸው።»

«አስረዋቸው ቢሄዱ በረሃብ ያልቁ ነበር፣ አባባ።»

«እሱማ ልክ ነሽ» አሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማሳኤ የአፈር ናሙናውን ከረጢት ሁለቴ አሰረች፤ አንዴ ይበቃ ነበር።

ቢሮ ስትመለስ፣ ቶኩጂ በረቱ ውስጥ ማደር ይችሉ እንደሆነ አለቃዋን ኮሞሪን ጠየቀችው።

«በረት መኖሪያ አይደለም» አለ። «ደግሞም ለካርታው ትንሽ ነው። ግቢውን በሙሉ ቀይ አድርጊው።»

ማሳኤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ አልታዘዘችም። ቀዩ መሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ተወች፤ ካርታውም እንዲሁ ታትሞ ተሰራጨ። ሰዎች የኅትመት ስህተት መስሏቸው ይደውሉ ጀመር። ኮሞሪ ስልኩን ሁሉ ወደ እሷ መራው።

«ስህተት አይደለም፤ በረት ነው» ትላለች።

የማደር ፈቃዱ አልተገኘም። በመከር ወቅት ዳግመኛ ልትለካ ስትመጣ ቶኩጂ በረቱ ውስጥ ገለባ ላይ ተጋድመው ያንኮራፉ ነበር። ማሳኤ የመሣሪያዋን ድምፅ ዘጋች፤ ዙሪያቸውን ለክታ በቀስታ ወጣች።