የማኅተሙ ትንፋሽ

"ተነስና ድገመው!" አለ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት።

ግዙፉ አናጢም ተነሳና ደግሞ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ እንጂ አልተነቃነቀም። ባልደረቦቹ አጨበጨቡ። በዚህ ቤት እሱ ያልተቀመጠበት ወንበር አይሸጥም፤ ከዚህ የተነሳ ስሙ ተረስቶ "ማኅተሙ" ሆኖ ቀርቷል። በአናጢነቱ ከማንም አያንስም፤ ደንበኛ የሚያደንቀው ግን መቀመጫውን ነው። መቶ ስልሳ ኪሎ የቻለ ወንበር ማንን ይፈራል?

ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታል ነበር። ነርሷ የቀዶ ጥገናው ተራ ለማክሰኞ እንደደረሰው ነገረችውና፣ "ዛሬ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቁርጥዎን ካላሳወቁን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን" አለችው።

ባለቤቱ ጆሮውን ቀስሮ ሰምቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ እውነትም ሆድህን ልታስቀንስ ነው?"

"ጨጓራዬን ነው ጋሼ። ሆዴ ራሱ ይከተላል።"

"ወንበሩን ማን ሊፈትሽልኝ ነው ታዲያ?"

"ሁለት ሰው ያስቀምጡበት።"

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ውስጡ ግን ፈርቷል። ቢላዋ ይፈራል። ዕድሜ ልኩን እንደ ሕፃን በትንሽ በትንሹ መብላቱም ያስፈራዋል። ከሁሉ በላይ ተኝቶ አለመንቃትን ይፈራል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁ ከእሱ ሌላ ወላጅ የላትም። ሐኪሙ "ስትተኛ ትንፋሽህ ይቋረጣል?" ብሎ ሲጠይቀው እንኳ "ተኝቼ በምን አውቃለሁ?" ብሎ አስቆት ነበር ያለፈው።

አመሻሽ ላይ የቤቱን ደረጃ እያረፈ እያረፈ ወጣ። ታላቅ እህቱ ሾርባ እያቀረበች ነበር።

"እታለም፣ ማክሰኞ ነው አሉኝ።"

"አፍህን መዝጋት አቅቶህ ጨጓራህን ልታስቆርጥ?"

"ስንቴ ዘጋሁት! በከፈትኩት ቁጥር የባሰ ነው።"

"አባታችንም እኮ እንደዚሁ ወፍራም ነበር።"

"ስንት ዓመት ኖረ?"

እህቱ ጭልፋውን አስቀመጠች። አባታቸው ሽበት ሳያይ ነው የሞተው።

ከጠረጴዛው ማዶ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ማንኪያዋን እንደያዘች አንቀላፍታለች።

"ይኸው! ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስትነካካ እያደረች!" አለች አክስቷ፣ ትከሻዋን እየነቀነቀች።

ልጅቷ ብንን አለች። "ስልክ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው፣ የኔ እናት?" አላት አባቷ።

አቀረቀረች። "ትንፋሽህ ይቆማል፣ አባዬ። ስታንኮራፋ ደህና ነህ። ዝም ስትል ነው የምነሳው። ገፋ ሳደርግህ ይመለሳል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትፈራለህ ብዬ።"

ከመኝታ ቤቱ በር ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ የተነጠፈውን ፍራሿን ዞሮ አየው። ክፍሌ ይሞቃል ብላው ነበር፤ እሱም አምኗታል። አፈረ። አንድ ትልቅ ሰው የልጁን እንቅልፍ እየቀማ ሲተነፍስ መክረሙ አንገበገበው። ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀውም፤ ግን ከእንግዲህ ቢላዋው ይሻለዋል።

ስልኩን አነሳ።

"ማክሰኞ እመጣለሁ። ደግሞ ለሐኪሙ ይንገሩልኝ፤ ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል። የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ።"

"እንግዲያውስ ነገ ይምጡ" አለች ነርሷ። "ማደንዘዣ ከመውሰድዎ በፊት ይህ መታየት አለበት። ቀኑ ሊገፋ ይችላል።"

"ይገፋ። አልቀርም።"

"አስታማሚዎ ማን ነው?"

"እኔ!" አለች ልጅቷ።

"ታላቅ እህቴ" አለ እሱ።

እህቱ ዓይኗን አፈጠጠች። "እኔ መቼ ተስማማሁ?"

"አትስማሚ። እየተቆጣሽም ቢሆን ነይ።"

ስልኩን ዘግቶ ወደ ኮሪደሩ ሄደና ጎንበስ ብሎ ፍራሹን አነሳ። ልጅቷ አንዱን ጫፍ ልትይዝለት ብድግ ስትል "ተይው" አላት። እያለከለከ ክፍሏ አስገባው፤ አልጋዋ ላይ አንጥፎ ትራሷን አስተካከለላት።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምትተኚው። በርሽንም ዝጊ።"

"ማን ይገፋሃል ታዲያ?"

"እኔ እገፋዋለሁ" አለች እህቱ ከኋላቸው። "ያውም በክርኔ!"

ልጅቷ አባቷን አየችው፤ አክስቷን አየቻት። ከዚያ በሯን ዘጋች።