የአባ ዱቄት ሞተር

አባ ዱቄት የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ወፍጮው ደህና በሚሠራበት ዘመን ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ይውልና ማታ ሲታጠብ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። አሁን ቢታጠብም አይጠቁርም። ዱቄቱ ሄዶ ሽበቱ ቀርቷል።

ወፍጮ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ውስጡ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከባለቤቱ ባልተናነሰ ያረጀ ነው። ባለፈው ክረምት ታመመ። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ዱቄቱም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተከፈተ። ሰፈሩ ሁሉ "አባ ዱቄትስ አበቃለት" ብሎ ሲያወራ እሱ አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሱ የሚያምነው ሌላ ነው። ሰው የቀረው ድምፁ ስለጠፋ ነው። ድሮም የሚጣራላቸው ሞተሩ ነበር፤ ዱክ ዱክ ማለት ሲጀምር ሴቶቹ እህላቸውን አንጠልጥለው ከየቤቱ ብቅ ይላሉ፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረው በተራ ይጣላሉ፣ እሱም በጭሱና በአቧራው መሀል "ተረኛ!" እያለ ይጮኻል።

ሴት ልጁ በስልክ ስትጨቀጭቀው ከረመች። "አባዬ፣ ሽጠውና እኛ ጋ ና። ብቻህን ግድግዳ ስታይ መዋል ምንድን ነው?"

"ልጠግነው። ከተነሳ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ካልመጣ እሸጠዋለሁ" አላት። ከአፉ አመለጠው። ቃል ደግሞ ቃል ነው።

እናም ያን ዕለት ጠዋት ቁርሱን ከበላበት ጠረጴዛ ላይ ፍርፋሪውን ጠርጎ ንጹህ ጨርቅ አነጠፈ፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ፈቶ አመጣና አስቀመጠው። ጫፉ በጥላሸት ተደፍኗል። ውስጡ ያለውን መርፌ ከማቀፊያው አወጣ፣ ሁለቱንም በናፍጣ ዘፈዘፈ፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ጠረገ። መርፌው በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ መግባት አለበት፤ መሀል ላይ ከያዘ ቆሻሻ ቀርቷል ማለት ነው። ያዘ። እንደገና አጠበው። አሁንም ያዘ። "አንተም እንደኔ ግትር ነህ" አለው። ጠዋቱን ሙሉ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ የሚያናግረው ሌላ ማን አለ?

በመጨረሻ መርፌው ተንሸራቶ ገባ። ኢንጀክተሩን ከሞተሩ ውጭ ከናፍጣው ቱቦ ጋር አስሮ፣ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ የሚበሳ ግፊት ስላለው እጁን አርቆ፣ የሞተሩን ማዞሪያ እጀታ፣ ማኖቤላውን፣ አዞረ። ትናንት እንደ ሕፃን ለሃጭ ይንጠባጠብ የነበረው ናፍጣ ዛሬ ጉም ሆኖ ወጣ። ደስ አለው። ዞር ብሎ "አየሽ?" ሊል ነበር፤ ተወው።

ቦታው መልሶ ካሰረው በኋላ ከቱቦው አየር ማስወጣት ቀረ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ማኖቤላውን ያዞራል፤ ሌላው የቱቦውን ማጥበቂያ ዳዶ አላልቶ ይጠብቅና አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ ያጠብቀዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ዳዶው የእሷ ነበር። "በቃ!" ትለዋለች፤ እሱም እያለከለከ "ትንሽ ቀደም ብለሽ ማለት አትችዪም?" ብሎ ይነጫነጫል። አሁን ራሱ ያዞራል፣ ራሱ ወደ ዳዶው ይሮጣል፤ እስኪደርስ አየሩ ተመልሶ ገብቷል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ አባ ዱቄትን ግን አየር ቀደመው። ሲመረው የመፍቻውን እጀታ በገመድ አስሮ ገመዱን በጥርሱ ነከሰ፤ እያዞረ አረፋውን ጠበቀና እንደ በሬ በአንገቱ ሳበው። ዳዶው ጠበቀ። ገመዱን ከአፉ አውጥቶ "በቃ!" አለ፣ ጮክ ብሎ። ድምፁ ከቆርቆሮው ጣሪያ ተመልሶ መጣበት። አፈረ።

ሞተሩ ሲነሳ ግን እፍረቱን ረሳው። ሳል የለም፣ ጭስ የለም፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ መንኮራኩሩ ላይ አስገባና ድንጋዩን አስነሳ። ድንጋይ ባዶውን ከዞረ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ስለዚህ ለራሱ ካስቀመጠው እህል ቆንጠር እያደረገ ያጎርሰው ጀመር። የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። አግዳሚውን በክንዱ ጠረገ። ተቀመጠ።

ሰው አለፈ። ሌላም አለፈ። አንዱ በሩ ላይ ሲቆም አባ ዱቄት ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሌላውን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ መንገዱን ቀጠለ። የእህሉ ከረጢት እየጎደለ ሄደ። ቆንጥሮ ያጎርስ የነበረው አባ ዱቄት ፍሬውን በጥፍሩ እየለቀመ ማጉረስ ጀመረ።

ከረጢቱ ሊራገፍ ሲል አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ከወፍጮ ቤቱ ሌላኛው ግድግዳ ማዶ ያለውን ክፍል በቅርቡ የተከራየችው ናት። አባ ዱቄት ፊቷን ከማየቱ በፊት እጇን አየ። ባዶ ነው።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች። "ልጄ ሲያለቅስ አድሮ ገና አሁን መተኛቱ ነው። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቢያጠፉልኝ?"

"ወፍጮ እኮ ነው!"

"ምን?"

"ወፍጮ!"

"ውይ፣ እኔ ጄኔሬተር መስሎኝ!"

ወደ ሞተሩ ሄደ። አጠፋው። ዝምታው ከበፊቱ የባሰ ሆነበት። አመስግናው ወጣች፤ እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ሞተሩን ማን ሊገዛው እንደሚችል ያስብ ጀመር።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ለቅሶ ተነሳ። እሪ የሚል፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ለቅሶ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሴትየዋ ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

"አባባ፣ አይቀየሙኝና..."

"ምን ልሁን ደግሞ?"

"መልሰው ያስነሱልኝ። ለካ ያስተኛው ድምፁ ነበር።"

አባ ዱቄት ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የልጁን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። "እህል ይዘሻል? ድንጋዩ ባዶውን አይዞርም።"

"እኔ እኮ ዱቄት ነው የምገዛው" አለች ቀስ ብላ። "የታሸገውን።"

ቀበቶውን አየው። ቀበቶ የሌለው ወፍጮ ወፍጮ አይደለም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ እሪታውን ቀጥሏል። አባ ዱቄት ቀበቶውን ከመንኮራኩሩ አወለቀና ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው።

"ነይ፣ ማኖቤላው እንዲቀልልኝ ይችን እጀታ ወደ ላይ ያዢልኝ" አላት። "በቃ ስልሽ ልቀቂ።"

አዞረ። "በቃ!" አለ። ለቀቀች። ሞተሩ ተነሳ።

ልጁ ሁለት ጊዜ ተንሰቅስቆ ጸጥ አለ። እናቲቱ አግዳሚው ላይ፣ ድሮ ተረኛ በሚቀመጥበት ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙም ሳትቆይ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አባ ዱቄት የሚያወራላት ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ስለ ኢንጀክተሩ ሊነግራት ነበር። ዋጠው።

ስልኩ ሲጠራ ተሽቀዳድሞ ወደ ግቢው ወጣ።

"አባዬ! ይሄ የምሰማው ሞተሩ ነው? ተነሳልህ?"

"ተነሳ።"

"ሰው መጣ?"

በበሩ ወደ ውስጥ ተመለከተ። "መጣ" አለ።

"ምን ይዞ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?"

"ሊተኛ" አለ አባ ዱቄት። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "በኋላ ደውዪልኝ፤ ናፍጣው ሳያልቅ ልጨምርበት።"