ሰማንያ ሰው የዘለለበት ወለል

ሄስተር ፕሎራይት በሰባ አንድ ዓመቷ ልታገባ አራት ቀን ሲቀራት፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ወጣት መሐንዲስ ኖርበሪ የአዳራሹን ወለል ረገጥ ረገጥ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

"ይወዛወዛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ ሄስተር፣ ቅዳሜ እዚህ ሰርግ የለም።"

ሄስተር ደሟ ፈላ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ወለል ስትወለውል የኖረችው ሌላው እንዲሞሸርበት ነው። አሁን ተራዋ ደርሶ!

"እንዲወዛወዝ ተብሎ እኮ ነው የተሠራው፣ አንተ ልጅ! ለጭፈራ!"

እውነቷን ነው። ሕንፃውን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በንጉሥ ጆርጅ ዘመን ያሠሩት የሎክስዊክ ከተማ ባለጠጎች ናቸው፤ ሊጨፍሩበት። ፊቱ ቀይ ጡብ ነው፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል፤ እኩልነቱ እንዳይበላሽ ሲሉ ሁለቱን መስኮት ከመክፈት ይልቅ ግድግዳው ላይ በቀለም አሳሏቸው። ጭፈራው ሲቀር ፍርድ ቤት ሆነ፤ ጠበቃ በተንጎራደደ ቁጥር የዳኛው ቀለም ይደፋ ነበር አሉ። ቀጥሎ የቤት ዕቃ መደብር ሆነ፤ ገዢ ሲያልፍ የቁም ሳጥኑ በር ሁሉ ብርግድ ይላል። ሲኒማ ቤትም ሆኖ ያውቃል። ወለሉ ግን አንድም ቀን አልከዳም።

ሄስተር መሐንዲሱን በእጅጌው ጎትታ ምድር ቤት አወረደችው። ባትሪውን ወደ ላይ ሲያበራ፣ በወለሉ ሳንቃና በዋናው አግዳሚ ተሸካሚ መካከል ቀጫጭን እንጨቶች ተነባብረው አየ፤ ሲረገጡ ጎንበስ፣ ሲለቀቁ ቀና የሚሉ።

"ጉድ ነው! ግን ክብደት ሲችል ሳላይ አልፈርምም። ስንት ሰው ጠሩ?"

"እኔን ጨምሮ ሰማንያ።"

"እንግዲያው ሰማንያ ሰው ይዝለልበት።"

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ሄስተር ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ኑ ዝለሉልኝ፣ ሰርጌ ሊቀር ነው!" ብላ ጮኸች። ዓሣ ሻጯ ከነሽርጧ መጣች፤ አይብ ሻጮቹ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ሙሽራው ክላይቭም ሽንኩርቱን እንደታቀፈ። ኖርበሪ የወለሉን መወዛወዝ መለኪያ ምድር ቤት አስቀምጦ በር ላይ ቆጠራቸው፤ ሄስተርን ጨምሮ ልክ ሰማንያ። አንዱ ቫዮሊኑን አነሳ፣ ዓሣ ሻጯ መሐንዲሱን ከወገቡ ይዛ አሽከረከረችው፣ ቤቱ በሳቅ ደመቀ። ወለሉ ሁለት ጣት ያህል እየወረደ ይመለስ ነበር።

ኖርበሪ እያለከለከ ወርዶ መለኪያውን አየና ተመልሶ የፈቃዱ ወረቀት ላይ ሰማንያ ብሎ ጻፈ። ሄስተር ልታቅፈው ስትል ክላይቭ ጣልቃ ገባ።

"ሆዴ፣ ለሰርጉ የተጠሩትን ስትቆጥሪ እኔንስ ቆጥረሽኛል?"

ሄስተር ክው አለች። የቄሱን አማት ሳይቀር ቆጥራለች፤ ሙሽራውን ረስታዋለች።

"ግድ የለም፣ እኔ ውጭ ሆኜ የእንግዶቹን ካፖርት እጠብቃለሁ" አለ ክላይቭ።

"በሰማንያ ሰው ነው የሞከርኩት" አለ ኖርበሪ። "አንድም ሰው አልጨምርም።"

"ከዓሣ ሻጯ ጋር ስትፈነጥዝ የነበርከው አንተስ ከሰማንያው ውስጥ ተቆጥረሃል?" አለችው ሄስተር።

መሐንዲሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ቁጥሩን ሰረዘና ሰማንያ አንድ ብሎ ፈረመ።